ግሪፑን ራሳችሁ ቀይሩት፦ ጎልፍ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሜሪላንድ ውስጥ የጎልፍ ዱላ ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። በቅርብ ዓመታት ወደምሠራበት ሱቅ የእኛ ልጆች ብቅ ማለት ጀምረዋል። ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙ መቶ ዶላር የወጣበት ድራይቨር፣ ማለትም የረጅም ምት ዱላ፣ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ግሪፑ፣ ማለትም የዱላው መያዣ፣ ግን ተልጦ ያብረቀርቃል። ከዚያ ኳሱ ለምን ወደ ቀኝ እንደሚሄድባችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ቀድሜ የማየው እጃችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

ስትመቱ እጃችሁ የሚነካው ግሪፑን ብቻ ነው። ግሪፕ ሲደርቅና ማንሸራተት ሲጀምር፣ እጅ ሳይታወቀው አጥብቆ ይይዛል። ያኔ ክንድ ይወጠራል፤ የእጅ አንጓ ይታሰራል፤ የዱላው ራስ በጊዜው አይዞርም። ልጁም አስተማሪ ፍለጋ ይሮጣል። አስተማሪ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን በጥቂት ዶላርና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊፈታ የሚችለውን አስቀድማችሁ ፍቱ። ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ እናንተም ትችሉታላችሁ።

መጀመሪያ ግሪፑ ያለቀ ይሁን የቆሸሸ ለዩ። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብሩሽ እሹት፤ በጨርቅ አድርቁት። የእጅ ላብ፣ ቅባትና የፀሐይ ክሬም የተጋገረበት ግሪፕ ከታጠበ በኋላ አንዳንዴ ነፍስ ይዘራል። ከታጠበም በኋላ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰጥ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጊዜው አልፏል። በሙያው የተለመደው ምክር በዓመት አንዴ ወይም በየ40 ዙር ጨዋታ መቀየር ነው። ዱላውን በጋውን ሙሉ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ያን ያህል አይጠብቅ። ሙቀት ላስቲክን ያደርቃል።

ይህ ሥራ ለማንም ሰው የሚቻል የሆነው እኮ ብዙም ሳይርቅ ነው። ድሮ ግሪፕ ማለት በዘንጉ ላይ የሚጠመጠም ረዥም የቆዳ ጠፍር ነበር። እሱን አስተካክሎ መጠምጠም የባለሙያ እጅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1949 ግን ቶማስ ፋዊክ የሚባል ፈጣሪ፣ የጎማ ፋብሪካዎች በሞሉባት በአክረን፣ ኦሃዮ፣ የላስቲክ ግሪፕ ይዞ መጣ፤ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ የሚገባውም ከዚያ መጣ። ጎልፍ ፕራይድ የሚባለው የግሪፕ ስም የተጀመረው ከዚያ ነው። በ1958 ቶሚ ቦልት የአሜሪካን ኦፕን ውድድር በላስቲክ ግሪፕ ሲያሸንፍ ነገሩ ሥር ያዘ። ዛሬ በቤታችሁ ጓዳ ልትሠሩት የምትችሉት ግሪፑ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ ስለሆነ ነው።

ስትገዙ ሁለት ልኮችን ተመልከቱ። አንደኛው የውስጡ ስፋት ነው። ግሪፑ አፍ (ዘንጉ በሚገባበት ጫፍ) ውስጥ ወይም ማሸጊያው ላይ 0.580 ወይም 0.600 የሚል ታያላችሁ፤ ኢንች ነው። ቁጥሩ ከዘንጋችሁ የላይኛው ጫፍ ውፍረት ጋር ቢገጥም ይመረጣል። 0.580 ግሪፕ 0.600 ዘንግ ላይ ብታስገቡ ይገባል፤ ግን ይለጠጥና ወፈር ይላል። ሁለተኛው የውጭ ውፍረቱ ነው። ዱላውን በላይኛው እጃችሁ ብቻ ያዙት። የመሃልና የቀለበት ጣቶቻችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ለስለስ አድርጎ ቢነካ ልካችሁ ነው። ጣቶቹ መዳፍ ውስጥ ከተቀበሩ ግሪፑ ቀጭን ነው፤ ጭራሽ ካልደረሱ ወፍራም ነው። ትንሽ ማወፈር ከፈለጋችሁ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ዙር ፕላስተር መጨመር ይበቃል። ትልቅ ግሪፕ መግዛት የግድ አይደለም።

ክብደቱንም አትርሱ። መደበኛ ግሪፕ ወደ 50 ግራም ይመዝናል። ከአሮጌው በአራትና አምስት ግራም የሚበልጥ ካስገባችሁ የዱላው ራስ የቀለለ መስሎ ይሰማችኋል። ስለዚህ ለአይረኖቻችሁ (የብረት ራስ ላላቸው ቁጥር ያላቸው ዱላዎች) ሁሉ አንድ ዓይነት ግዙ እላችኋለሁ። እጃችሁ የሚያልበው ከሆነ ክር የተቀላቀለበትን ምረጡ። በዋሽንግተን ሐምሌ ወበቅ ውስጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ቆዳን ግን ይሻክራል፤ መዳፉ ስስ ለሆነ ሰው አልመክረውም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሞርሳ፣ ዘንጉን የሚያቅፍ የላስቲክ መያዣ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ምላጭ፣ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ሶልቬንት (ሙጫውን የሚያሟሟ ፈሳሽ)፣ ትሪና ጨርቅ። በቃ። ሞርሳ ከሌላችሁ ሰው ይያዝላችሁ። ዘንጉን ግን ያለ ላስቲክ በሞርሳ ብረት አትጭመቁት። ግራፋይት (ከካርቦን ክር የተሠራ) ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ስለ ሶልቬንቱ ቆጣ ብዬ ልናገር። ቤንዚን የሚጠቀም ሰው አውቃለሁ። ሥራውን ይሠራል፤ እውነት ነው። ግን ትነቱ ወለል ለወለል ሄዶ የውሃ ማሞቂያው እሳት ጋ ይደርሳል፤ ቤትም ሰውም ይቃጠላል። እባካችሁ አታድርጉት። ሽታ የሌለው ሚኒራል ስፒሪት ወይም ለግሪፕ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። አገር ቤት ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ እያሉ የሚገዙትም ተቀጣጣይ መሆኑን አትርሱ። መስኮት ክፈቱ፤ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩ። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም። የራሰውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ፤ ውጭ ዘርግታችሁ ይድረቅ። በውሃ የሚሠራ ፕላስተርም አለ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት እሱ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። ወጣቶች ሲሠሩ ሳይ አብዛኞቹ የሚቸኩሉት መቸኮል በሌለባቸው ቦታ ነው። አዲሱን ግሪፕ ለማስገባት ይጓጓሉ፤ አሮጌውን ማውለቅና ማጽዳት ይሰለቻቸዋል። የሥራው ጥራት ያለው ግን እዚያ ነው።

አሮጌውን ግሪፕ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ቅደዱ፤ ምላጩ ሁልጊዜ ከሰውነታችሁ እየራቀ ይሂድ። ሌላው እጃችሁ ከምላጩ ኋላ ይሁን። የታጠፈውን ምላጭ የመረጥኩላችሁ ግሪፑን ከሥር ወደ ላይ አንስቶ ስለሚቀድ ነው፤ ዘንጉን አይነካም። ቀጥ ያለ ምላጭ ብረት ላይ ቢጭር ግድ የለም። ግራፋይት ላይ ግን ጭረቱ ክሮቹን ይቆርጣል፤ አንድ ቀን ስትመቱ ዘንጉ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል።

ቀጥሎ አሮጌው ፕላስተር። ለዓመታት የተጣበቀ ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከአንዱ ጠርዝ ቀስ እያላችሁ ላጡት። ግራፋይት ከሆነ ሙቀቱን ቀንሱ፤ ማድረቂያውን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። የቀረውን ሙጫ ሶልቬንት በነካ ጨርቅ እሹት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን በዘንጉ ላይ አዙሩ። ትንሽ ጉብታ ከተሰማችሁ አልጨረሳችሁም። ያቺ ጉብታ አዲሱ ግሪፕ ሥር ትቀመጣለች፤ በመታችሁ ቁጥር ጣታችሁ ያገኛታል።

ዘንጉ ሲጠራ በሞርሳው አግድም እሰሩት። የአይረኑ ራስ ጫፉ ወደ ሰማይ ይቁም፤ የፊቱ የታችኛው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይታይ። እንዲህ ካሰራችሁት የግሪፑ የላይኛው ምልክት በትክክል ወደ ላይ ሲሆን ልክ ነው ማለት ነው። አዲሱን ግሪፕ ከዘንጉ ጎን ይዛችሁ አፉ የሚደርስበትን በማርከር ምልክት አድርጉ። ፕላስተሩን ከምልክቱ ትንሽ አሳጥራችሁ በቁመቱ ለጥፉት። በላይኛው ጫፍ ግማሽ ኢንች ያህል አሳልፉና ጠምዝዛችሁ ወደ ዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት። ይህች ትንሽ ነገር ሶልቬንቱ ወደ ዘንጉ ውስጥ እንዳይፈስ ትከለክላለች። ስለታሙ የዘንግ ጠርዝም የግሪፑን ቆብ (የተዘጋውን የላይኛ ጫፍ) ከውስጥ እንዳይበላው ትጠብቃለች። የፕላስተሩን የላይኛውን ወረቀት ስትልጡ አንዳችም ሳይቀር ይነሳ።

ግሪፑ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷን በጣት ወይም በቲ (ኳሱ በሚቀመጥበት ትንሽ እንጨት) ድፈኗት። በነገራችን ላይ የእንጨት ቲ በ1899 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው በጥቁሩ የቦስተን የጥርስ ሐኪም በጆርጅ ግራንት ስም ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ላንግስተን የጎልፍ ሜዳን ሂዱና እዩ። በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ከነጮች ሜዳ በሚከለከሉበት ዘመን ነው። ይህ ጨዋታ የሌሎች ነው የሚል ስሜት ካለባችሁ ይህን ታሪክ እወቁ።

ወደ ግሪፑ እንመለስ። ቀዳዳዋን እንደደፈናችሁ ሶልቬንት ወደ ውስጥ አፍሱ፤ አፉን በጣት ዝጉና ወዝውዙት። ከዚያ የውስጡን በሙሉ በፕላስተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አፍሱት፤ የሚንጠባጠበውን ትሪው ይቀበለዋል። አትቆጥቡ። ግሪፕ መንገድ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሶልቬንት ስላነሰው ነው።

እዚህ ላይ ፍጠኑ። የግሪፑን አፍ በጣት ጨመቅ አድርጋችሁ ከፈት አድርጉት፤ የታችኛውን ከንፈር በዘንጉ ጫፍ ላይ አስደግፉና በአንድ ትንፋሽ ግፉት። መሃል ላይ ቆማችሁ አታስቡ። የዘንጉ ጫፍ ቆቡን ሲነካ እጃችሁ ያውቀዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ወዲያውኑ ጎትታችሁ አውጡት፤ ሶልቬንት ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። ሳይወጣ ከያዘ በምላጭ ከመቅደድ በስተቀር መላ የለውም። በጉልበት እየታገላችሁ ራሳችሁን አታድክሙ።

ከገባ በኋላ ለማስተካከል ጥቂት ጊዜ አላችሁ፤ ረዥም አይደለም። ዱላውን ከሞርሳው ፍቱና መሬት ላይ እንደምትመቱ አድርጋችሁ ቁሙ። ምልክቱ መሃል ላይ ነው? ካልሆነ አሁኑኑ አዙሩት። ግሪፑን ወደ አፉ በኩል አትጎትቱ። የተጎተተ ግሪፕ ይረዝማል፤ ሲረዝም ይቀጥናል። ሰባት ቁጥር አይረንን ጎትታችሁ ስምንት ቁጥሩን ካልጎተታችሁ በእጃችሁ ሁለት የተለያየ ውፍረት ይሰማችኋል። ሁሉም አፋቸው ከዘንጉ ጫፍ እኩል ርቀት ላይ መድረሱን በሜትር አረጋግጡ።

አንዳንድ ግሪፕ ከሥሩ ስስ ጉብታ አለው፤ ጣቶቻችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲያርፉ ያስታውሳል። ሕጉ ይህን የሚፈቅደው ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ ነው። ከፑተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ከምትገፉበት ዱላ) በስተቀር የማንኛውም ዱላ ግሪፕ ክብ መሆን አለበት። የፑተር ግሪፕ ፊቱ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፑተር ላይ የማስተካከሉ ሥራ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠፍጣፋው ትንሽ ከዞረ አውራ ጣታችሁ ፊቱን ያዞረዋል፤ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ኳስ ይስታል። ፑተሩን የመጨረሻ ሥራችሁ አድርጉት።

አዲስ አበባ፣ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ባለው የጎልፍ ክለብ ለምትጫወቱና ለምትሠሩ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ግሪፕ ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣላችሁ ከሆነ አሮጌውን ሳትቀዱት ማውጣት ትችላላችሁ። ላስቲክ ብቻ ከሆነ በመርፌ ከሥሩ ሶልቬንት እያስገባችሁ ስታላቅቁት ሙሉውን ይወጣል። ክር የተቀላቀለበት ግን እንዲህ አይሆንም። አንድ ጓደኛችሁ ዱላውን ሲሸጥ፣ ደህናውን ግሪፕ ለሌላ ዱላ ማዛወር ይቻላል። አንዳችሁ ይህን በደንብ ከተካነ ለሌላው ይሠራል፤ የሚከፈልበትም ሙያ ይሆነዋል።

በመጀመሪያ ከቦርሳችሁ ብዙ የማትጠቀሙበትን የብረት ዘንግ ያለው አይረን ምረጡ፤ ግራፋይቱን ድራይቨር አይደለም። እሱን ሠርታችሁ አንድ ሌሊት ይደር። ፈጥኖ የሚደርቅ ሶልቬንት በጥቂት ሰዓት ይበቃዋል ይባላል፤ እኔ ግን ሌሊቱን ማሳደር እመርጣለሁ። ጠዋት በሁለት እጃችሁ ያዙና ለመጠምዘዝ ሞክሩ። ካልተንቀሳቀሰ የቀሩትን ጀምሩ። ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን ተጨማሪ ስጡት። ያኔም ካልያዘ አውጡትና ፕላስተሩን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አንድ ጠርዝ ላይ ሳይላጥ ቀርቶ ታገኙታላችሁ።