መልስ፦ የ1968ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የድሬ ትዝታ እንዴት እንሰብስብ?

ወንድሜ፣ «አባቴና ጓደኞቹ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ድሬዳዋ ስታዲየም ነበሩ፤ ትዝታቸውን እንዴት እንሰብስብ?» ብለህ ጠይቀሃል። አቦ፣ ዛሬውኑ ጀምር። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ውጤቱን አትጠይቃቸው፤ እሱ ተጽፏል። የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ምድብ ድሬ ላይ እንደተጫወተ፣ ዛየር የቀድሞው ዋንጫ ባለቤት ሆና እንደመጣች፣ በመጨረሻ ሞሮኮ እንደወሰደችው ይታወቃል። ያልተጻፈው የሰዉ ነገር ነው። ከማን ጋር ሄዱ? የመግቢያውን ከየት አገኙ? ከዚራ ሰፈር ላይ እንግዶቹን ሲያዩ ምን ተባባሉ? ስታዲየም ያልገቡትንም አትርሳ። በዚያ ሰሞን ሻይ ትሸጥ የነበረች እናት ከተመልካቹ የበለጠ ልታስታውስ ትችላለች።

ሰው በሚቀለው ቋንቋ ያውራ፤ ሶማሊኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሐረሪም ይሁን። ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ለመቅዳት ስልክህ ይበቃል። ግን ቬንትሌተሩን አጥፋ። በድሬ ሙቀት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ድምፁን የሚያበላሸው ግን እሱ ነው።

ፎቶ ካላቸው እዚያው አንሳና መልስላቸው። ዋናውን ይዘህ አትሂድ። ከእኛ ቤት አንድ አልበም «ኮፒ አድርገን እንመልሳለን» ተብሎ ወጥቶ ቀረ። እናቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ዘመኑ የደርግ መጀመሪያ ስለነበር ከኳሱ ሌላ ወሬም ይመጣል። የቱ ለሕዝብ ይውጣ፣ የቱ ይቆይ የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ። ቅጂውን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ልጆቻቸው ጋ ይሁን።