ሲልቨር ስፕሪንግ ወይስ ሲልቨር ስፕሪንግስ? ስለ አንድ የቦታ ስም ጥያቄና መልስ

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት አካባቢ ነው። ሰነድ ስተረጉም ይህ ስም በተለያየ መንገድ ተሳስቶ ሲጻፍ ደጋግሜ ስላየሁ፣ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገርና እንደሚጻፍ ጥያቄ ያላችሁ እንድታቀርቡ ጋብዤ ነበር። የቀረቡልኝን እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ይላሉ፤ በባቡር ጣቢያው ላይ የማነበው ግን ያለ «ስ» ነው። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ በጣቢያው ላይ ያነበቡት ነው። ስሙ ነጠላ ነው፤ የብዙ ቁጥር ምልክት የለውም። ስህተቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት አሜሪካውያንም ከሌላ ግዛት ሲመጡ «ስ» ይጨምሩበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ እና ፓልም ስፕሪንግስ የሚባሉ ከተሞች ስማቸው የገነነ ነው፤ በፍሎሪዳም ወለላቸው መስታወት በሆነ ጀልባዎች የምትታወቅ ሲልቨር ስፕሪንግስ የምትባል ስፍራ አለች። ጆሮ የለመደውን ይከተላል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት» ለማለት በስሙ መጨረሻ የባለቤትነት «ስ» ሲያስገባ፣ የሰማው ሰው የስሙ አካል ይመስለዋል። በጽሑፍ ግን ከዚያች «ስ» በፊት ከላይ ትንሽ ጭረት (’) ስለሚገባ ልዩነቱ ይታያል።

ነገሩ ተራ እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ። የአንዲት እናት ማስረጃ በአንዱ ገጽ «ስፕሪንግ»፣ በሌላው «ስፕሪንግስ» ተብሎ ተጽፎ፣ ሁለቱ አድራሻዎች አንድ መሆናቸውን ለማስረዳት እንደገና ሲመላለሱ አይቻለሁ። በአንዲት ፊደል ምክንያት ሰው መጉላላት አልነበረበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ «የብር ጸደይ» አልኳት። ተሳሳትኩ እንዴ?

መልስ፦ ቃሉን ከወቅቱ ጋር ማያያዝዎ አያስገርምም፤ «ስፕሪንግ» በእንግሊዝኛ ጸደይም ነው፣ የውሃ ምንጭም ነው፣ የብረት ሞላም ነው። እዚህ ላይ ግን ምንጭ ማለት ነው። በተለምዶ እንደሚተረከው፣ ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለው ጋዜጠኛና የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የቅርብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1840 በፈረስ ሲጓዝ ከአንድ ምንጭ ይደርሳል። በምንጩ አሸዋ ውስጥ ሚካ የሚባለው አብረቅራቂ ማዕድን ስለነበረ፣ ውሃው በፀሐይ ብርሃን እንደ ብር ያበራ ነበር። ብሌር በዚያው ስፍራ ቤት ሠርቶ ርስቱን በምንጩ ስም ጠራው፤ የአካባቢው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ምንጩ አንድ ስለነበረ ስሙም ነጠላ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ምንጩ ደርቋል፤ ስፍራው ግን ኤከርን ፓርክ የሚባል ትንሽ መናፈሻ ሆኗል፤ በውስጡም የባሉጥ ፍሬ ቅርጽ ያለው ጣሪያ የተደፋበት መጠለያ ቆሟል። ልጅዎን ይዘው ቢሄዱ፣ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይልቅ ቃሉን ያ ስፍራ ያስረዳላታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋይት ኦክ ነው፤ ፖስታዬ ላይ ግን «ሲልቨር ስፕሪንግ» ይላል። ቅጽ ስሞላ «ከተማ» በሚለው ቦታ የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ብለው ይጻፉ። ይህ ስም በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሦስት ስፋት አለው፤ ብዙ ክርክር የሚነሣውም እነዚህ ስለሚቀላቀሉ ነው። በጠባቡ ሲነገር፣ በጆርጂያ ጎዳና እና በኮልስቪል መንገድ መገናኛ ዙሪያ ያለውን የንግድ መሐል ማለት ነው፤ ነዋሪዎች ይህንን ለይተው ሲጠሩ «ዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግ» ይላሉ። ሁለተኛው የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ለቆጠራ ብሎ ያሰመረው ክልል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 81,015 ሰዎች ተመዝግበውበታል። ሦስተኛውና ሰፊው ፖስታ ቤቱ የሚጠቀምበት ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ሰፈር ያሉ ሌሎች ብዙ መንደሮችን ጠቅልሎ ይይዛል። እዚያው ዋይት ኦክ የሚገኘው የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት እንኳ አድራሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

በሕግ ሲልቨር ስፕሪንግ ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም፤ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም፣ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። አጎራባቹ ታኮማ ፓርክ ግን ሁለቱም አሉት። ቅጹ «ከተማ» ሲል የሚጠይቀው ፖስታ የሚደርስበትን ስም እንጂ የአስተዳደሩን ዓይነት ስላልሆነ፣ ይህ ሊያስጨንቅዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ላሉት «ዲሲ ነው የምኖረው» እላለሁ። ውሸት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንም። በንግግር ዋናውን ከተማ ጠርቶ ዙሪያውን ማለት በእንግሊዝኛም የተለመደ ነው። በማመልከቻ፣ በግብር ሰነድ እና በመንጃ ፈቃድ ላይ ግን ዲሲ እና ሜሪላንድ የተለያዩ አስተዳደሮች ስለሆኑ እንደዚያ ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከስሙ በፊት «ዘ» ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። «ኢን ሲልቨር ስፕሪንግ» ብቻ ነው የሚባለው። «ዘ» የሚመጣው ስሙ ሌላ ስም ሲገልጽ ነው፤ ለምሳሌ «ዘ ሲልቨር ስፕሪንግ ስቴሽን» ሲባል፣ «ዘ» የጣቢያው እንጂ የቦታው አይደለም።

ጥያቄ፦ ነጠላ ሰረዙስ የት ይገባል? በአማርኛ ስንጽፍስ ስሙን እንተርጉመው?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ በቦታው ስምና በግዛቱ መካከል ነጠላ ሰረዝ ይገባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከቀጠለ ከሜሪላንድ በኋላም ሌላ ይደረጋል፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ሁለተኛውን ነው። በአድራሻ ላይ ግን በግዛቱ ምሕጻረ ቃልና በዚፕ ኮዱ መካከል ነጠላ ሰረዝ አይገባም። በአማርኛ ስንጽፍ ስሙ አይተረጎምም፤ «የብር ምንጭ» ብለን ብንጽፍ፣ አንባቢ የገንዘብ ምንጭ ሊመስለው ይችላል። «ሲልቨር ስፕሪንግ» ብለን በሁለት ቃል እንጽፋለን፤ «በ» ወይም «ከ» ሲያስፈልግም «በሲልቨር ስፕሪንግ»፣ «ከሲልቨር ስፕሪንግ» እያልን ከመጀመሪያው ቃል ጋር እናያይዘዋለን።