ጅብ ወለደች

እህቴ፣ የአምስት ዓመቱ ልጅሽ ጥያቄ አያልቅበትም። ልጁን የሚጠብቁልሽ አማትሽ ደግሞ «በተረት እየመለሱ ጭንቅላቱን እንዳያበላሹት» ሰግተሻል። ፀሐይ ወጥታ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» አሉት፤ ቀስተ ደመናውን ሲያይ «የማርያም መቀነት ነው» አሉት። ኬሚስትሪ የምታስተምር እናት እያለችው! እንዴት ላስቁማቸው ነው ጥያቄሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ያቆመኝ መሐል ላይ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፦ «እኔ ስመጣ ዝም ይላል፤ ጥያቄውን ለሳቸው ያጠራቅማል።» አንቺ ወዲያው ወደ ጅቧ ተመለስሽ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ራስሽ እንደጻፍሽው፣ አማትሽ ያን ቀን ድስቱን አውርደው፣ እጁን ይዘው በረንዳ ወጡና አብረውት ሰማዩን አዩ። አንቺ ማታ ስትሰሚ፣ ፈተና እያረምሽ፣ እሳቸው እየሰሙ «ውሸት ነው፤ ብርሃን በውኃ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሰበር ነው» አልሽው። መልስሽ ትክክል ነው። ከዚያ ሁሉ ልጁ ጋ የደረሰው ግን «ውሸት» የሚለው ቃልና የአያቱ ፊት ይመስለኛል። የጠየቀው ቀለሞቹን አይቶ ገርሞት ነው፤ መገረሙን የሚካፈለው ሰው ደግሞ በረንዳው ላይ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ወደ ማን እንደሚሮጥ ግልጽ ነው።

ጅቧ ብዙ አታስጋሽ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያጄ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሕፃናትን ሲጠይቅ፣ ጨረቃ እየተከተለቻቸው የምትሄድ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። ሲያድጉ ይተዉታል። አንቺስ ልጅ ሆነሽ «ጅብ ወለደች» ሲባል አልሰማሽም? ኬሚስትሪ ከመማር አላገደሽም።

ድፍረት አይሁንብኝና፣ ከሳይንሱ ሥር ሌላ ቅሬታ ያለ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ልጅሽን ይዘው የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ሥራ ውላ የምትገባ እናትን ይህ ያማል፤ ማመሙም አያሳፍርም። የሚያሳዝነው ሕመሙ «ውሸት ነው» ሆኖ መውጣቱ ነው። አሮጊቷን ብታስቁሚያቸው ልጁ ጥያቄውን የሚሰማው ሰው አጥቶ ይቀራል እንጂ ወደ አንቺ አይመጣም።

እንግዲህ ምናልባት እንዲህ ብትሞክሪ፦ መልስ ከመስጠትሽ በፊት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» በይው። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ፀሐይ ብቅ ስትል ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ቀስተ ደመናውን ወደ ምሥራቅ ፈልጉት። (ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ከመሬት ሆነን አናየውም፤ እኩለ ቀን ላይ ለምን እንደሚጠፋ ራሱ ይጠይቅሽ።) ዝናብ ከሌለ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ልብስ ሲተኮስ እንደሚረጨው ውኃ በአፍሽ እፍ በይለት፤ ትንሽ መቀነት ታሳይዋለሽ። በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ታገሺው። ዝምታው ከሌላም ሰው ጋር ከሆነ ወይም ከከረመ፣ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ባለሙያ በአካል አግኙ፤ በደብዳቤ የማይታይ ነገር ይኖራል።

አማትሽንም በሚቀጥለው ፀሐያማ ዝናብ ልጁ ባለበት ጠይቂያቸው፦ «እማማ፣ ዛሬስ ስንት ወለደች?»