ንግግር የማልችል ሰው ማናጀር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ባንክ ነው የምሰራው፣ ከ4 ወር በፊት ብራንች ማናጀር አድርገው ሾሙኝ። ከኔ በፊት የነበረው ማናጀር አንደበተ ርቱዕ ነበር፣ የጠዋት ሚቲንግ ላይ አስቆ አነቃቅቶ ነበር ስራ የሚያስጀምረን። እኔ ገና ስቆም ጉሮሮዬ ይደርቃል። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የንግግር ስልጠና ሳይ አመሻለሁ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። እኔ የምታወቀው ሂሳብ አልዘጋ ሲል ስህተቱን ፈልፍዬ በማውጣት ነው። ኃላፊነቱን ልመልስ ወይ?
ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ እንዳትመልስ። ያቺን ስለ ሂሳብ የጻፍካትን እንደዋዛ ነው ያለፍካት፣ እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት እሷን ነው። ድሮ ካሸር ነበርኩ፣ አንድ ቀን 3,000 ብር ጎደለብኝና ሁሉም ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ አለቃዬ ኮቱን አውልቆ አጠገቤ ቁጭ አለ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ስናገላብጥ አምሽተን 3,300 ከፍዬ 300 ብዬ መመዝገቤን እሱ ነው ያገኘው። ሚቲንግ ላይ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው ነበር፣ ለሱ ግን እሁድም ግቢ ብባል እገባ ነበር።

ደራርቱ ቱሉን አስባት እስቲ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን የወሰደችው በመጨረሻው ዙር አፈትልካ ወጥታ ነው፣ በ2009 በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍም ያው አጨራረሷ ነው የጠቀማት። መሃሉ 17 ዓመት ነው! ከትራክ ወደ አስፋልት ወጣች፣ ወልዳም ተመልሳ ሮጠች፣ የምትችለውን ነገር ግን ስታሳድገው ኖረች እንጂ አልጣለችውም።

አንተም ያንን የማታ ሰዓት ለሰራተኞችህ አውለው። ማነው ቶሎ ቶሎ የሚሳሳተው፣ የቱ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ለብቻው አስቀምጠህ አሳየው፣ እዛ ጋ ጉሮሮህ አይደርቅም። ሚቲንጉን ግን ሙሉ በሙሉ አትሽሸው ምክንያቱም አለቃ ዝም ሲል ሰው የተቆጣ ነው የሚመስለው፣ 5 ደቂቃ ትበቃሃለች፣ ትላንት ሂሳቡ እንዴት እንደተዘጋ ንገራቸው፣ ማነቃቃቱን ከልጆቹ መሃል ለተጫዋቹ ስጠው።

ሌላው፣ የማኔጅመንት ሊቁ ፒተር ድራከር ይመክራት የነበረች ዘዴ አለች፣ ከባድ ውሳኔ ስትወስን ምን ውጤት እንደምትጠብቅ ጻፍና ከ9 እስከ 12 ወር ቆይተህ ከሆነው ጋር አስተያየው። ለሂሳብ ሰው ይሄ አይከብድም፣ የራስህን ሂሳብ መዝጋት በለው። ደብተሯን ዛሬውኑ ግዛና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሄንን ሹመት ለምን እንደማትመልስ ጻፍ።