የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ የሩማቶይድ መድኃኒቴን ላቁም?

ፋርማሲስት ነኝ። ሩማቶይድ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ የቆየ ሕመም) ይዟችሁ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁ የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ እመልሳለሁ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበቷ ሊቀየር ነው። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። ጎረቤቶች «ቁስሉ አይደርቅም፣ አቁሚው» አሏት።

መልስ፦ ድሮ ሐኪሞችም እንዲሁ ይሉ ነበር። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር) እና የዳሌና ጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ግን ለዳሌና ለጉልበት ቅየራ ሜቶትሬክሴት፣ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተባሉት የሩማቶይድ መድኃኒቶች ሳይቋረጡ ይቀጥሉ ይላል። ካቆመችው ሕመሙ ሊያገረሽባት ይችላል፤ እጇ አብጦ ክራንች መጨበጥ ካቃታት በአዲሱ ጉልበት እንዴት ትለማመዳለች? ኢንፌክሽን ካለባት ወይም ኩላሊቷ ከተዳከመ ግን ሌላ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ እንደምትወስደው ለተረኛዋ ነርስ ንገሩ። በስህተት በየቀኑ ከተሰጣት ሊገድላት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፤ ሁሚራ የተባለውን የሩማቶይድ መርፌ በየሁለት ሳምንቱ እወጋለሁ። ለዳሌ ቅየራ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል።

መልስ፦ እሱ አንድ ዙር ይዘለላል። ከመጨረሻው መርፌ 2 ሳምንት ሲሞላ ቀጣዩን አትወጊም፤ ቀዶው በ3ኛው ሳምንት ይሆናል። ወደ መርፌው የምትመለሺው የቁስሉ ክር ሲወጣና ቁስሉ ሳይቀላ፣ ፈሳሽ ሳይኖረው ሲደርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ገደማ። ቶፋሲቲኒብ የተባለውን የሩማቶይድ ክኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ 3 ቀን ቀድሞ ያቆማል።

ጥያቄ፦ ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) 5 ሚሊ ግራም ለ4 ዓመት ወስጃለሁ። ለቀዶው ስል ባቆመውስ?

መልስ፦ በፍጹም እንዳያደርጉት! ሰውነትዎ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ሰንፎ ይሆናል፤ ድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊትዎ ሊወድቅ ይችላል። የዘወትር መጠንዎ በቀዶው ዕለትም አይቀርም። ያለ ማዘዣ እየገዙ ለዓመታት የሚውጡ አውቃለሁ፣ ሐኪም ፊት ግን አፍረው ዝም ይላሉ። እባካችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክስ?

መልስ፦ እሱ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ይቆማል። ቀኑን ሐኪሙ ይነግርሃል፤ እስከዚያ ፓራሲታሞል።

ጥያቄ፦ አንገቴንም ያመኛል። ለጉልበት ቀዶ ይህን መናገር አለብኝ?

መልስ፦ ከመድኃኒት ወጣን፣ ግን ደግ ጠየቅህ። ሩማቶይድ የላይኞቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች ማያያዣ ሊያላላ ይችላል። ለማደንዘዣ ቱቦ ሲገባ አንገት ወደ ኋላ ስለሚቀና ሕብለ ሰረሰር ሊጫን ይችላል። ለማደንዘዣ ባለሙያው ቀድመህ ንገረው፤ አንገትህን ጎንበስ ቀና አድርገህ ራጅ እንድትነሳ ሊያዝህ ይችላል።