የሄልሜት መስታወት ጭረት፦ ተጠርጣሪው ግራ እጅህ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ ሄልሜቴን ከገዛሁት ገና አራት ወሩ ነው። መስታወቱ ግን ተጫጭሯል። ቀን ብዙም አይታወቀኝም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያበራብኝ መብራቱ ይበታተንና መንገዱ ይጠፋኛል። ጭረቱ በግራ በኩል ይብሳል። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጥ ያሉ መስመሮችም አሉ። ጓደኛዬ በጥርስ ሳሙና እሸው ብሎኝ አሸሁት፤ መሐሉ ጭራሽ ደበዘዘ። እንክብካቤ አላጓደልኩም፣ ጠዋት ጠዋት በሶፍት እወለውለዋለሁ። ጭረቱ የሚጠፋበት መላ አለ? ጥቁር መስታወት ባስገባለትስ?»

ወንድሜ፣ «በግራ በኩል ይብሳል» የምትለዋን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ቀኝ እጅህ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው፣ አትለቀውም። ግራ እጅህ ግን ፍሪሲዮን ካልያዘ ሥራ ፈት ነው። አቧራ ሲሸፍንህ ወይም ከፊትህ ያለ ሲኖትራክ ጭቃ ሲረጭብህ፣ ሳይታወቅህ በግራ ጓንትህ ጠረግ ታደርገዋለህ። ያ መጥረግ አይደለም፣ መሞረድ ነው። ጓንቱም ላይ አሸዋ አለ፣ መስታወቱም ላይ አሸዋ አለ። ጠዋት በደረቅ ሶፍት የምትደግመውም ያንኑ ነው። መስታወቱን ፀሐይ ላይ ዘንበል አድርገህ እየው። ከአፍንጫህ ትይዩ ተነስተው ወደ ግራ ጆሮህ የሚሄዱ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ካየህ የእጅህ ሥራ ናቸው።

ከላይ ወደ ታች የወረዱት ግን የእጅህ አይደሉም። መስታወቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፍቀው ነገር አለ። ግምቴ በላይኛው ጠርዝ ያለው ጎማ ነው። አሸዋ ጎማው ሥር ይገባና እዚያው ይቀመጣል። መስታወቱን በከፈትክ ቁጥር ይጭረዋል፣ በዘጋህ ቁጥር ይደግመዋል። መስመሮቹ በአንድ ጎን ብቻ ካሉ ደግሞ የዚያ ጎን ብሎን ላልቶ መስታወቱ ዘሟል ማለት ነው። ሁለቱንም ታያቸዋለህ፣ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። በዚህ መስታወት ማታ አትንዳ። አዲስ እስኪገዛ ድረስ የማታውን ሥራ ተወው። «ታዲያ ከፍቼው እነዳለሁ» የሚል አይጠፋም። ከፍተህ ስትነዳ ከመኪና ጎማ የተፈናጠረች ጠጠር ወይም አንዲት ጥንዚዛ ዓይንህን ብታገኘው ከጭረቱ የባሰ ነው። የዛሬ መኪኖች ነጭ መብራት ደግሞ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ጭረት ብርሃኑን ይዞ ይረጨዋል፣ ከብርሃኑ ጀርባ ያለው እግረኛ አይታይህም። ቀን ላይ ስላየህ ማታም የምታይ እንዳይመስልህ።

አሁን ጭረቱን እንፈትሽ። መስታወቱን በውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠበውና ይድረቅ። አንዳንዱ ጭረት የመሰለህ የናፍጣ ጥቀርሻና የጥርስ ሳሙናው ቅሪት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም አሳልፈው። ጥፍርህ ከያዘ ጥልቅ ነው፣ አበቃለት። ካልያዘም ብዙ ደስ አይበልህ፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። በመጨረሻ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክህን መብራት ትንሽ ራቅ አድርገህ አስቀምጥና በመስታወቱ በኩል እየው። መብራቱ ዙሪያ ክብ ክብ የሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩህ፣ መንገድ ላይ የሚያሳውርህ እሱ ነው።

አሁን «ለምን አይጠፋም?» ለሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ። ይህን ነገር የማያስረዳ ባለሙያ ነው ሰውን ለጥርስ ሳሙና የሚዳርገው።

መስታወት እንለዋለን እንጂ መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጥንካሬው ጉድ ነው፣ በመዶሻ ብትመታው ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ጥይት የሚያቆሙ መስታወቶች ውስጥ የሚደረበውም እሱ ነው። ግን ድብደባ የሚችል ነገር ሁሉ ጭረት አይችልም። የፖሊካርቦኔት ገላ ለስላሳ ነው፣ ባዶውን ብትተወው በልብስህ ስትጠርገው ራሱ ይጫራል። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩ ላይ ፈሳሽ ነገር ይቀባና በሙቀት ወይም በልዩ ብርሃን ያደርቀዋል። ያ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው፣ የራስ ፀጉርህ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አንተን ከጭረት የሚጠብቅህ ከፀጉር ስንት እጅ የሚቀጥን ነገር ነው። እናቶቻችን ምጣድ ሲያሟሹ አይተሃል? ያን ልስላሴ በአሸዋ ብትፍቀው ምጣዱ አለ፣ እንጀራው ግን አይነሳም። መስታወትህም እንደዚያ ነው፤ ሽፋኑ ከተፋቀ ቅርጹ አለ፣ ሥራው የለም።

ያ ሽፋን ጨርቅን ይችላል፣ አሸዋን አይችልም። መንገድ ላይ ያለው አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። የማዕድናት ጭረት የመቋቋም አቅም በሚለካበት የሞስ መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል) ኳርትዝ 7 ነው፣ ተራ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ። አቧራ እውነተኛውን መስታወት ከጫረ ለፕላስቲክ ይራራል? አቧራ የማንንም መስታወት አይምርም። የአፖሎ ጠፈርተኞች የራስ ቁር ክብ መስታወትም ፖሊካርቦኔት ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. በአፖሎ 17 ጨረቃ ላይ የወረደው ሃሪሰን ሽሚት፣ ከፊቱ ያለው የፀሐይ መከላከያ በጨረቃ አቧራ ከመጫሩ የተነሳ በአንዳንድ አቅጣጫ ማየት አቅቶት ነበር። አሜሪካ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችበት ዕቃ በአቧራ ከተሸነፈ፣ አንተ ከመርካቶ የገዛኸውን በደረቅ ሶፍት እያሸህ ምን ትጠብቃለህ?

ጭረት «ይጠፋል» የሚሉህ ሰዎች የሚያደርጉት ይኸውልህ። ጭረቱን አያነሱትም፣ አካባቢውን ሞርደው ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርጉታል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ መፋቂያ ዱቄት አለ። ጥርስህ ይችለዋል፣ ሽፋኑ አይችለውም። መሐሉ የደበዘዘብህ ሽፋኑ በቦታ በቦታ ስለተነሳ ነው። ግማሹ ለብሷል፣ ግማሹ ራቁቱን ነው። ራቁቱን የቀረው ቦታ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከበፊቱ ብሶ ይጫራል።

ጓደኛህን አትቆጣው፣ ምክሩ አገር የዞረ ነው። እኔ ዘንድ ከዚህም የባሰ ይመጣል። የመኪና መብራት በሚወለወልበት ማሽንና ኮምፓውንድ ተፈትጎ፣ ሙቀቱ ፕላስቲኩን አዛብቶት የመብራት እንጨቱን ጠማማ የሚያሳይ መስታወት አይቻለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ተመትቶ ላዩ ላይ ቫርኒሽ የተረጨበትም መጥቷል። ሥራው ያምራል፣ ለጠረጴዛ ቢሆን። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን በቤንዚን ወይም በቲነር የሚያጸዳው ነው። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶን፣ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ፖሊካርቦኔትን ከውስጥ ይጎዱታል። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቆይቶ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ። እንዲህ የሆነ መስታወት ስትወድቅ ፊትህ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ካየህ ቀንም አትጠቀምበት።

ስለዚህ ፍርዴ አጭር ነው። ቀይረው። ለቀን ብቻ ጥቂት ሳምንት ልግፋበት ካልክ ግፋበት፣ ማታ ግን አይሆንም።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት አሮጌው የተጫረበትን ምክንያት አስወግድ፣ አለዚያ አዲሱም ያንኑ ይሆናል። መስታወቱን አውጣ። አንዳንዱ ሄልሜት በእጅ ተጭኖ ይላቀቃል፣ አንዳንዱ በሁለቱም ጎን ብሎን አለው። ካቻቢቴው ከብሎኑ ራስ ጋር በደንብ ይግጠም፣ ብዙዎቹ ብሎኖች ፕላስቲክ ናቸው፣ ራሳቸው ቶሎ ይበላል። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ጎማ በጣትህ ገልብጠህ እየው። ግምቴ ልክ ከሆነ ከሥሩ ቡናማ የደረቀ ጭቃ ታገኛለህ፣ በጣትህ ስታሸው ደቃቅ አሸዋው ይሰማሃል። በእርጥብ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረገው፣ በውኃ አለቅልቀው፣ ሲደርቅ በጣም ስስ አድርገህ የሲሊኮን ቅባት ቀባው። ግራሶ እንዳታደርግ፣ አቧራ ይሰበስብልሃል።

በጎን ያሉትን የመክፈቻ ጥርሶችም አጽዳ። አንዱ ጥርስ ከተሸረፈ መስታወቱ ዘሞ ይዘጋል፣ ጠርዙም ከሄልሜቱ ገላ ጋር ይፋተጋል። ከውስጥ የሚወርድ ጥቁር መነጽር ያለው ሄልሜት ከሆነ ደግሞ አውርደህ የታችኛው ጠርዙ የመስታወቱን ውስጥ እንዳይነካ ተመልከት። ርካሾቹ ላይ ይነካል። በሁለት ሚሊሜትር ፕላስቲክ ስስት ተደርጎ ሰው ማየት ይከለከላል፤ ምን ይባላል።

ስትገዛ የሄልሜትህን ሞዴል ይዘህ ሂድ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚልህን ሻጭ አመስግነህ እለፈው፣ ለሁሉም የሚሆን ለማንም በልኩ አይሆንም። ከውስጥና ከውጭ የተለጠፈበትን ላስቲክ ገለጥ አስደርገህ መስታወቱን ከዓይንህ ራቅ አድርገህ ያዝና በውስጡ የበር ጠርዝ ወይም የመብራት እንጨት እየው። መስታወቱን ቀስ ብለህ ወደ ግራና ቀኝ ስታንቀሳቅስ ቀጥ ያለው መስመር የሚወዛወዝ ከሆነ መልስለት፣ ራስህን ያዞረዋል። ርካሾቹ ውስጥ ከአክሪሊክ የተሠሩም አሉ፣ እነሱ ሲመቱ ስለታም ስብርባሪ ይሆናሉ። በአውሮፓው የሄልሜት ደንብ 22 (ECE 22) ያለፈ ከሆነ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ገላው ላይ ተቀርጾ ታገኛለህ። በስቲከር ብቻ የተለጠፈውን አትመነው፣ ስቲከር ማንም ያትማል። ገዝተህ ስትገጥም ደግሞ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አንሣ። «አዲስነቱ እንዲቆይ» ብሎ ላስቲኩን ሳያነሣ ወር የሚነዳ አለ።

አጠባቡ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ማታ ስትገባ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክረህ መስታወቱ ላይ አልብሰው፣ አሥር ደቂቃ ተወው። የደረቀው ጭቃና ትንኝ ራሱ ይለቃል። ከዚያ ውኃ አፍስስበት፣ አሸዋው ይውረድ። ሳሙና ጠብ አድርገህ በጣትህ ዳብሰው እንጂ አትፈትገው። ጣትህ አሸዋ ካለ ይነግርሃል፣ ጨርቅ ግን አይነግርህም። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ ከቻልክ አየር ያድርቀው፣ ካልቻልክ ንጹሕ ማይክሮፋይበር እየጫንክ ውኃውን አስመጥጥ። ሶፍት ከእንጨት ቃጫ የሚሠራ ነው፣ አቧራ ላይ ደረቁን ማሸት ይቅርብህ። የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጉም የሚከላከል ቅብ ካለው ደግሞ ከውጩ ይበልጥ ለስላሳ ነው። በውኃ ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ።

መንገድ ላይስ? ትንሽ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዝ፣ አንድ ጨርቅም በላስቲክ ጠቅልለህ። ዕቃ ለማድረስ በቆምክበት አፍስስና ጫን አድርገህ አንሣ። በክረምት እየነዳህ ጠብታ ከበዛብህ ጭንቅላትህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘወር አድርግ፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ግራ ጣቱ ላይ የጎማ መጥረጊያ ያለው ጓንትም አለ፣ ለንጹሕ ዝናብ ይሆናል፣ ለጭቃ አይሆንም። ሄልሜቱን በፊቱ ደፍተህ አታስቀምጥ፣ ከቁልፍና ከሰንሰለት ጋር ሣጥን ውስጥ አትወርውረው። የሞተሩ መስተዋት ላይ መስቀሉንም ተው። መስታወቱን እንኳ ባይነካው ከጨርቁ ሥር ያለውን ጠንካራ ፎም ይጎረጉረዋል፣ ራስህን የሚያድነው ደግሞ እሱ ነው።

ስለ ጥቁሩ መስታወት የጠየቅኸኝ ቀርቷል። ጥቁር ጭረትን ይደብቃል፣ እውነት ነው፣ ሱቅ ውስጥም ያምራል። ግን በዚያው የአውሮፓ ደንብ ከ80 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ለቀን ብቻ የሚል ምልክት ይደረግበታል። አንተ ራት የምታደርስ ልጅ ነህ፣ ሥራህ የሚጦፈው ከመሸ ነው። ስቲከር መለጠፉም ያው ነው፣ ሙጫው ሲነሣ ሽፋኑን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነጩን ግዛ። ገንዘብ ከተረፈህ ሁለተኛ ነጭ ግዛና ቤት አስቀምጠው።