ዊንዶውስ ሲጫን የማይታይ ዲስክ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

መላሽ፦ ሰሞኑን ከዚራ ወዳለው ሱቄ የሚመጣው ላፕቶፕ አብዛኛው ችግሩ አንድ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን፣ «የት ልጫን?» ብሎ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሲደረስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ባለቤቶቹ ሌላ ቦታ አሳይተው «ዲስኩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» ተብለው የመጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደኅና ነው፤ ሰው ያለ ጥፋቱ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ስትጠይቁ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ስም፣ ዲስኩ ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የቅንብር ገጽ ላይ) ይታይ እንደሆነ ጻፉ። የምትፈልጉት ፋይል ካለበት ደግሞ እስክንነጋገር ድረስ ምንም አታጥፉ።

ተማሪ፣ ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ኤችፒ ነው፤ ኮር አይ 5፣ 1135 ጂ7። ዊንዶውስ 11 በፍላሽ ልጭን ስል ዲስክ የለም ይለኛል። ባዮስ ውስጥ ግን የዲስኩ ስምና 512 ጊጋባይት ተጽፎ ይታያል። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መላሽ፦ አንተ በለኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ አልለመደብንም። አጠያየቅህ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት፣ ሌሎቻችሁም እዩት።

ባዮስ ዲስኩን ስሙንና መጠኑን ጠቅሶ ካሳየው መሰኪያው ይሠራል፣ ዲስኩም መልስ ይሰጣል ማለት ነው። 1135 ሲል የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ትውልዱን ይነግሩሃል፤ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው። ከዚህ ትውልድ ወዲህ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል መቆጣጠሪያ በፕሮሰሰሩ ውስጥ አላቸው። እሱ ሲበራ ዲስኩ ለዊንዶውስ በቀጥታ አይገለጥም፤ ከቪኤምዲ ጀርባ ይቆማል። የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቪኤምዲን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበትን ፋይል፣ ይዞ አይመጣም። ዝርዝሩ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ይኸውና። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆነህ ከኤችፒ የድጋፍ ገጽ በሞዴልህ ቁጥር ገብተህ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ቴክኖሎጂን (በአጭሩ አር ኤስ ቲ) ድራይቨር አውርድ፤ የቪኤምዲው ድራይቨር እዚያ ውስጥ ነው። የሚወርደው ራሱን የሚጭን ፕሮግራም ነው፤ እንዳለ ፍላሽ ላይ ብትገለብጠው መጫኛው አያነበውም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰቨን ዚፕ ፍታውና መጨረሻቸው «አይኤንኤፍ» የሆኑ ፋይሎች ያሉበትን ማኅደር ፈልግ፤ ስሙ ውስጥ «ኤፍ 6» ወይም «ቪኤምዲ» ሊል ይችላል። ማኅደሩን ሙሉውን መጫኛው ያለበት ፍላሽ ላይ አስቀምጠው። ከዚያ ባዶው ዝርዝር ላይ ስትደርስ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭነህ ማኅደሩን አሳየው። ለ11ኛ ትውልድ የመቆጣጠሪያው ስም መጨረሻ 9ኤ0ቢ፣ ለ12ኛ 467ኤፍ፣ ለ13ኛ ኤ77ኤፍ ነው። ያንተን መርጠህ ስትቀጥል ዲስኩ ይመጣል።

አሁን ስለ ጽሑፍህ። ዲስኩ ሲታይ ክፍልፋዮቹን እንዳትነካ። «ሺፍት» እና «ኤፍ 10»ን አብረህ ተጫን፤ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። «ኖትፓድ» ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ። ኖትፓዱ ሲከፈት «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕን» በል፤ «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ምረጥ። ያ መስኮት ዲስኩን ሁሉ ያሳይሃል፤ የጽሑፍህን ማኅደር ቀድተህ ሌላ ፍላሽ ላይ ለጥፈው። ዲስኩ በቢትሎከር፣ ዲስክ በሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ተቆልፎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ያስፈልግሃል። ጽሑፍህን አውጥተህ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ካየኸው በኋላ ብቻ መጫኑን ቀጥል።

ነጋዴ፣ ከአሸዋ፦ የኔም ኮምፒውተር ዲስክ አያሳይም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ሞዴሉ? ፕሮሰሰሩ? ባዮስ ውስጥስ?

ጠጋኝ፣ ከመጋላ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ባዮስ ገብቶ ቪኤምዲን ማጥፋት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ደንበኛም ተመልሶ አልመጣብኝም።

መላሽ፦ ባዶ ዲስክ ላይ ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ያለ ቪኤምዲ በደንብ ይሠራል። የምቃወመው ለሁሉም ሰው እንደ መጀመሪያ ምክር መሰጠቱን ነው። ነባሩ ዊንዶውስ የተጫነው ቪኤምዲ በርቶ ከሆነ፣ ስታጠፋው ዊንዶውሱ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ አልነሣም ይላል። ሰውየው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ይደነግጥና «ፎርማት አድርጉልኝ» ይላል፤ ፋይሉ በእውነት የሚጠፋው ያኔ ነው። ሁለት ዲስክ በሬይድ፣ እንደ አንድ ዲስክ ሆነው፣ ተጣምረው ከሆነማ አደጋው የባሰ ነው። ቢትሎከር ያለበት ላፕቶፕ ደግሞ የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን የጻፈ ደንበኛ እስከ ዛሬ ስንት አይተሃል?

ጠጋኝ፣ ከመጋላ፦ ሰማያዊው ገጽ ከመጣ መልሶ ማብራት ነው፤ ዊንዶውሱ እንደ ነበረው ይነሣል። ይህን ለደንበኛ አስቀድሞ መንገር ይበቃል።

መላሽ፦ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይበቃል። ይህን የሚያነበው ግን ሳቢያን ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን የሚሞክር ተማሪ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የኤችፒ ሞዴሎች ቪኤምዲን የሚያጠፋ ምርጫ ባዮስ ውስጥ የላቸውም፤ እነዚያ ላይ ድራይቨሩ ግድ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከገንደ ቆሬ፦ ዲስኬ ባዶ ነው፣ ምንም አልፈልግም። ኤሰር፣ 12ኛ ትውልድ። ባዮስ ያየዋል። የመጋላውን ወንድም መንገድ ልከተል ብዬ ቪኤምዲ የሚል ምርጫ አጣሁ።

ጠጋኝ፣ ከመጋላ፦ ኤሰር ላይ ተደብቋል። በ«ኤፍ 2» ባዮስ ግባ፣ «ሜይን» በሚለው ገጽ ላይ ሆነህ «ኮንትሮል» እና «ኤስ»ን አብረህ ተጫን። ብቅ ይላል።

መላሽ፦ ትክክል ነው። ዴል ላይ ደግሞ «ስቶሬጅ» ሥር «ሬይድ» የሚለውን ወደ «ኤኤችሲአይ»፣ ዲስኩን በቀጥታ ወደሚያሳየው ምርጫ፣ መለወጥ ነው። ዲስካችሁ ላይ የምትፈልጉት ፋይል ካለ ግን ይህን አትንኩ።

የቤት እመቤት፣ ከሐረር ጀጎል፦ ጋሼ፣ የኔ ቶሺባ ነው፣ የድሮ። ሃርድ ዲስኩ ሲበራ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ባዮስም አያየውም። የልጄ የሰርግ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የሰፈራችን ልጅ ዊንዶውስ ልጫንበት ብሎ እየደጋገመ እያበራው ነው።

መላሽ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ይጥፋ። እየደጋገመ ማብራቱን ያቁም። ቀጭ ቀጭ የሚለው ውስጥ የሚመላለሰው ማንበቢያ ነው፤ ቦታውን ማግኘት አቅቶት እየተመታ ነው። በበራ ቁጥር የዲስኩን ገጽ ሊጭረው ይችላል፤ የተጫረውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ዊንዶውስ መጫን የሚባለውን ነገር ለጊዜው እርሺው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቢው የሚልሽም ይኖራል፤ አታድርጊው፣ ሲወጣ እርጥበት ይይዛል። ክፈችውም ቢሉሽ እንቢ በይ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች።

ፎቶዎቹ በስልክ ወይም በካሜራ ካርድ ላይ ቀርተው እንደሆነ ፈልጊ፣ ሰርጉን የቀረጸውንም ሰው ጠይቂ። እነዚያ ከሌሉ ዲስኩን አውጥተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ መረጃ ማውጣት ሥራው የሆነ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ነው የሚነካው። እኔ ራሴ አልነካውም። ለላፕቶፑ ሌላ ዲስክ ግዢለት።

መምህር፣ ከሐረር፦ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከሙቀት ነው። ሐረር ሳለ ስንት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ድሬ ወርዶ አንድ በጋ አይዘልቅም።

ነጋዴ፣ ከአሸዋ፦ መምህር፣ ሙቀቱን ተወው። እኛ የተወለድንበት ነው። መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው፤ እሱ ደግሞ ሐረርም አለ።

መምህር፣ ከሐረር፦ ላፕቶፕ ባትሪ አለው እኮ፤ መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል?

ነጋዴ፣ ከአሸዋ፦ ባትሪው የሞተ ከሆነስ? ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ባትሪው የሞተ ነው የሚገዛው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ግን የዛሬው ጥያቄ ይህ አይደለም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ የሙቀቱ ልዩነት በቆዳ ይታወቃል። የተለመደ ኤስኤስዲ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ግን ሙቀት ከምጠረጥራቸው ነገሮች መጨረሻው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ አትጫኑ፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ይበላሻል። ነጋዴው፣ ሞዴልህን እስካሁን አልነገርከኝም።

ነጋዴ፣ ከአሸዋ፦ ሌኖቮ።

መላሽ፦ ሌኖቮ ብዙ ነው። ከሥሩ የተለጠፈውን አንብብ።

የሆቴል ሠራተኛ፣ ከከዚራ፦ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ አዲስ ኤም.2 ዲስክ ገዝቼ የድሮ ዴል ላፕቶፕ ውስጥ ራሴ ገጠምኩት። ባዮስም አያየውም። ሻጩ ዲስኩ ይሠራል ብሎ ሌላ ማሽን ላይ አሳይቶኛል።

መላሽ፦ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ በዚያ ቅርጽ ሁለት ዓይነት ዲስክ አለ፤ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ። በመልክ ይመሳሰላሉ። የአንዳንድ ላፕቶፕ መሰኪያ ሁለቱንም ይቀበላል፤ በተለይ የቆዩት ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የዲስኩን ጥርሶች እይ፤ አንድ ክፍተት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ሁለት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ሁለት ክፍተት ያለው ኤንቪኤምኢም ስላለ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን አንብብ። ከዚያ የላፕቶፕህን መመሪያ አውጥተህ የትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጥ። ዓይነቱ ገጥሞ ካልታየ፣ ላፕቶፑን አጥፍተህ፣ የውስጡን ባትሪ ከማዘርቦርዱ ነቅለህ፣ ዲስኩን አውጥተህ እንደገና በሰያፍ አስገባው። ጥርሶቹ እስኪሰወሩ ድረስ ግፋው፣ ወደ ታች ተጫነውና ብሎኑን እሰር። በትንሹ ወጣ ያለ ዲስክ የገባ ይመስላል፣ ግን አይታይም።

ወጣት፣ ከሳቢያን፦ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ ሊኑክስን ልጭን ስል «አር ኤስ ቲን አጥፋ» የሚል ገጽ አመጣብኝ። ዊንዶውሱንም ማቆየት እፈልጋለሁ።

መላሽ፦ ችግሩ ከላይ ለመጋላው ወንድም የመለስኩት ነው። እንዲሁ ብታጠፋው ዊንዶውስህ አይነሣም። መጀመሪያ ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሣበት መንገድ) እንዲነሣ አድርግ፣ ከዚያ ባዮስ ገብተህ ቪኤምዲን አጥፋ ወይም «ሬይድ»ን ወደ «ኤኤችሲአይ» ለውጥ፤ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ከተነሣ ራሱን ያስተካክላል፣ ወደ መደበኛው መልሰው። የቢትሎከር ቁልፍህን አስቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ፋይልህንም አስቀድመህ ቅዳ።

ሌላ ተማሪ፦ ዲስኩ ይታየኛል፣ ግን «ኤምቢአር ነው፣ እዚህ ላይ መጫን አይቻልም» ይላል።

መላሽ፦ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዲስክህ ታይቷል። ኤምቢአር የድሮው የዲስክ አከፋፈል ዓይነት ነው፣ ጂፒቲ አዲሱ፤ ወደ ጂፒቲ መለወጥ ነው። «ዲስክፓርት» የሚባለው የዲስክ ማስተካከያ ትእዛዝ ውስጥ ገብተህ «ክሊን» በል የሚልህ ሰው ካለ፣ ያ ትእዛዝ ዲስኩን በሙሉ ባዶ እንደሚያደርገው እወቅ። ፋይል ካለህ አታድርገው።

ነጋዴ፣ ከአሸዋ፦ ዊንዶውስ 7 ብጭንበት ይሻል ይሆን?

መላሽ፦ አይሻልም። የዊንዶውስ 7 መጫኛ የኤንቪኤምኢ ድራይቨር እንኳ የለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ኋላ አትመለስ፤ የላፕቶፑን ሞዴል ንገረኝ።

አንድ አባል፦ ማክቡክስ? ለቢሮ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

መላሽ፦ ማክ አልሠራም። የግዢ ምክርም ዛሬ አልሰጥም።

የባንክ ሠራተኛ፣ ከመጋላ፦ ላፕቶፔ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኩ አይመጣም። ምን ይሻላል?

መላሽ፦ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው! ከላይ ለሳቢያኑ ተማሪ የሰጠሁትን መልስ እያንዳንዱን ቃል አንብቡት። ከመጠየቃችሁ በፊት ያለውን አንብቡ፤ እኔም ለአዲሱ ጥያቄ ጊዜ ይኖረኛል።

የባንክ ሠራተኛ፣ ከመጋላ፦ አንብቤዋለሁ። ድራይቨሩን ፈትቼ ፍላሽ ላይ አድርጌ አሳየሁት። «ተስማሚ ድራይቨር አልተገኘም» አለኝ። ያወረድኩት ከሁሉም አዲስ የሆነውን ነው።

መላሽ፦ ይህ አዲስ ጥያቄ ነው፤ ይህን መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ አልቆጣም ነበር። አዲሱ ስሪት ሁሉ አሮጌውን ትውልድ ይደግፋል ማለት አይደለም። ከሁሉም አዲሱን ትተህ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ለአንተ ሞዴል ያስቀመጠውን አውርድ፤ ያ ተፈትኖ የቀረበ ነው። የገለበጥከው ማኅደር ውስጥ «አይኤንኤፍ» ፋይሉ ብቻውን ሳይሆን አጠገቡ ያሉት ሁሉ መኖራቸውን እይ። የማይስማሙትን ደብቅ የሚለው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት ብታነሣው በማኅደሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ታያለህ፤ 9ኤ0ቢ የሚለው ከሌለ የያዝከው የሌላ ትውልድ ድራይቨር ነው። በዚህም ካልታየ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ገልብጠህ ጻፍልኝ፤ ፋይሉን እኔ ፈልጌ እፈታልሃለሁ፣ አንተ ባዶ ፍላሽ ይዘህ ሱቅ ናና ውሰድ።